ስታብላይዘር በኪሎ

በግ ስንገዛ ወገቡን እንጨብጣለን። ሐብሐብ ስንገዛ መታ መታ አድርገን እናዳምጣለን። የመብራቱን ከፍ ዝቅ የሚያስተካክል ስታብላይዘር ስንገዛ ደግሞ ብድግ አድርገን እንመዝናለን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥበቦች አመስጋኝ አላጡም። ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ተሸፋፍኖ ኖሯል። ዕዳውን እኔ ልክፈል።

ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው። ጡረታ በወጡ ማግስት ለራሳቸው ቴፕ ገዙ። እሳቸው ቴፕ ይበሉት እንጂ አንድ አምፕሊፋየርና ደረት የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጥላሁን ገሠሠን በትንሽ ራዲዮ ሰምተው ኖረዋል። አሁን ሳሎናቸው መሀል ቆሞ እንዲዘፍንላቸው ፈለጉ። ይገባቸዋል። ችግሩ መብራቱ ነው። የእኛ ሠፈር መብራት ሲሄድ አይሰናበትም፣ ሲመጣም ዘሎ ነው የሚገባው።

ልጃቸው ቨርጂኒያ ናት። «አባዬ፣ እንደዚህ ያለ ዕቃ መብራቱን የሚያጣራ ፓወር ኮንዲሽነር ሳይኖር አይሰካም» አለች በስልክ። ባለቤታቸው እትዬ ከጓዳ ሰምተው «ኮንዲሽነር ከሆነ ለእኔም ጨምሪ፣ ፀጉሬ ደርቋል» አሉ።

ለፋሲካ ስትመጣ ይዛው መጣች። ጥቁር ነው፣ ባለ ስምንት ቀዳዳ፣ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ መብራት ያለው። ከጀርባው «120 ቮልት» ይላል። የእኛ ግድግዳ ደግሞ 220 ነው። ማንም አላነበበውም፤ ማንበብ የዕቃ ምርጫ ክፍል ሆኖ አያውቅም። ማገናኛ ተፈልጎ ተሰካ። «ጧ!» አለ። እንዲህ ያለ ዕቃ ውስጥ ቫሪስተር የሚባሉ ሳንቲም የሚያካክሉ ነገሮች አሉ። ሥራቸው ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ ትርፉን በራሳቸው ላይ መቀበል ነው። ተቀበሉ። አምፕሊፋየሩ ገና ከካርቶኑ ስላልወጣ ለማን ብለው እንደተሠዉ ግን አልታወቀም። ሽታው የበዓሉን ዕጣን አሸንፎ ሦስት ቀን ቆየ።

«የፈረንጅ ዕቃ ቀሊል ነው» አሉ አጎቴ። መርካቶ ሄድን።

ሻጩ ሁለት ስታብላይዘር አወረደ። ሁለቱም ላይ «2000» ተጽፏል። ዋት ይሁን፣ ቪኤ ይሁን፣ ዓመተ ምሕረት ይሁን አልጠየቅንም። አጎቴ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አንጠለጠሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሱቁ ጸጥ አለ።

«ይሄኛው ገለባ ነው» አሉና የግራውን አስቀመጡ።

«ፋዘር ያውቃሉ! እቺኛዋ ኦርጅናል ናት።»

«ጥቅልሉ መዳብ ነው ወይስ አሉሚኒየም?» አልኩ እኔ፣ የተማርኩ ለመምሰል።

ሻጩ በሐዘኔታ አየኝ። «ብራዘር፣ ክብደቷን እያየህ?»

አፌን ዘጋሁ። ብረት ለመክበድ የመዳብን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ወፍራም ቆርቆሮም ክንድ ያዝላል። ግን እንዲህ እያለ የሚያስብ ሰው ገበያ ባይወጣ ይሻለዋል።

ቀጥሎ የጆሮ ፈተናው መጣ። ሻጩ ሰካና «ቋ» አሰኛት። «ሰሙ? እያስተካከለች ነው።» «ቋ» የሚለው ሪሌ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ በሉት። ትራንስፎርመሩ በርካታ ጫፎች አሉት፤ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ሲል ሪሌው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይዘላል። ባለ ሰርቮ ሞተር የሚባልም አለ። የእሱ የካርቦን ብሩሽ ጥቅልሉ ላይ እየተንሸራተተ በቀስታ ያስተካክላል፣ ያን ያህልም አይጮህም። ለሙዚቃ ቤት ጨዋው ይሻል ነበር ትሉ ይሆናል። የማይጮህ ውሻ ማን ይቀልባል?

ደግሞ ቮልት ማሳያዋ! ሁልጊዜ 220 ትላለች። ማታ የሠፈሩ ምጣድ ሁሉ ሲሰካ የቤታችን አምፖል እንደ ጧፍ ይደበዝዛል። እሷ 220። እንዲህ ያለ ተስፈኛ በዚህ ከተማ ሌላ አላየሁም።

ቤት ስትገባ በሁለቱ ስፒከሮች መሀል የክብር ቦታ ተሰጣት። እትዬ ዳንቴል አለበሷት፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጡ። ሙቀት የምታወጣባቸው ቀዳዳዎች ተሸፈኑ፤ ከዓይን መጠበቅ ከሙቀት መጠበቅ ይቀድማላ። ሶኬቷ የኧርዝ፣ ማለትም ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚሰደው ሽቦ፣ መያዣ አለው። የተሰካችበት ዲቫይደር ግን የለውም። ቢኖረውም ወዴት ይሄድ ነበር? ቤቱ ሲሠራ ኤሌክትሪክ የዘረጋው ልጅ ባለ አረንጓዴና ቢጫውን ሽቦ «ይሄ ትርፍ ነው» ብሎ ትቶታል። ሽቦው አልባከነም። እስከ ዛሬ ጓሮ ውስጥ ልብስ ይሰጣበታል።

ከዲሹ ሪሲቨር የሚመጣው ገመድ ሲገጠም ስፒከሩ እንደ ቀፎ «እምምም» ይላል። ገመዱ ሲነቀል ዝም ይላል። አላዋቂ ቢሆን ነገሩን ከገመዱ ይፈልግ ነበር። አጎቴ ግን «ስታብላይዘሯ ገና ቤቱን አለመደችም» አሉ።

በዚህ ረገድ ብቻችንን እንዳልሆንን ሳውቅ ኮርቻለሁ። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ከግድግዳ እስከ አምፕሊፋየር ለምትዘረጋ ሁለት ሜትር የኃይል ገመድ ሺህ ዶላር የሚከፍሉ ሰዎች አሉ። ወንድሞቻችን ናቸው። ኤሌክትሪኩ ከጉባ ተነሥቶ፣ በ500 ሺህ ቮልት መስመር ሆለታ ደርሶ፣ ከተማ ውስጥ 15 ሺህ ሆኖ፣ ምሰሶ ላይ ወደ 220 ወርዶ፣ ከአጎቴ በር አጠገብ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የታሰረ ሽቦ አልፎ ይመጣል። ከዚያ በመጨረሻዋ ሁለት ሜትር ላይ ይቀደሳል። አምፕሊፋየሩ ራሱ የመጣለትን ተቀብሎ በትራንስፎርመር አውርዶ፣ ቀጥተኛ ከረንት አድርጎ፣ በካፓሲተር አለስልሶ እንደሚጠቀም መናገር ግን ነውር ነው። የሰው ደስታ ይበላሻል።

የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ አጎቴ ቲቪው ፊት ቆመው አጨበጨቡ። በሳምንቱ ለቲቪው ሁለተኛ ስታብላይዘር ገዙ። «5150 ሜጋ ዋት እኮ ነው» አሉኝ፣ «ሲመጣ በአንዴ ቢመጣስ?»

እውነቱን ለመናገር እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ምሰሶው ላይ ኒውትራሉ፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ ሲላቀቅ 220 የነበረው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። አንድ ረድፍ ቤት ቲቪና ፍሪጅ የሚያለቅሰው በዚህ ነው። ለዚህ ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ ቶሎ የሚቆርጥ ትንሽ መሣሪያ ይሸጣል። መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ ክብደቱ ከብርቱካን አይበልጥም። ለአጎቴ አሳየኋቸው። በሁለት ጣታቸው አነሡትና መለሱልኝ። «ለልጆች መጫወቻ ነው?»

እትዬ ደግሞ ይባስ ኋላ ቀር ናቸው። መብራት ሲሄድ ሮጠው ሁሉንም ይነቅላሉ። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቀው፣ አምፖሉን አይተው ይሰካሉ። አንድ ሳንቲም አላወጡም፣ ፍሪጃቸውም ተቃጥሎ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ለገበያው ምን ይጠቅማል?

ባለፈው እሑድ የአጎቴ ሦስት ጓደኞች ቡና ሊጠጡ መጡ። ጥላሁን ተከፈተ። አጎቴ እጃቸውን አነሡ። «ዝም በሉና ስሙት። ስታብላይዘሯ ከገባች ወዲህ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል።»

ሰሙ። «ባሱ መሬት ያዘ» አለ አንደኛው። «ፊት ይሄ ማሲንቆ ነበረበት እንዴ?» አለ ሁለተኛው። እኔም እንዳላንስ ራሴን ነቀነቅኩ። እውነትም ጠራ ያለ መሰለኝ።

እትዬ ረከቦቱ ላይ ጎንበስ እንዳሉ «እሷ እኮ ከትናንት ወዲያ ተነቅላለች» አሉ። «ዳንቴሉን ልታቃጥልብኝ ነበር። ቴፑን ዲቫይደሩ ላይ ነው የሰካሁልህ።»

አጎቴ ተነሡ። አበባውን አንሥተው ዳንቴሉን ገለጡ። 220 የለም፣ መብራት የለም። ጥቂት ቆዩና ዳንቴሉን መልሰው አለበሷት።

«አጠገቡ መቀመጧ ነው» አሉ። «መብራቱ ያያታል። ይፈራል።»

ሦስተኛው እንግዳ እስካሁን አልተናገረም ነበር። ሲኒውን አስቀምጦ ሣጥኗን በትኩረት ተመለከታት።

«ስንት ኪሎ ናት?» አለ።