ከነቀዳዳው የተወረሰ ቤት

ደሴ ባለ ታሪክ ቤቶች አላጣችም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ አለ፤ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረውም ቤት ሙዚየም ሆኗል። እኔ ግን የማወራው ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ የታሪክ ጸሐፊ ደጁን ረግጦት ስለማያውቅ አንድ ቆርቆሮ ቤት ነው። ሽማግሌዎች በጣሊያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ዘመን እንደተሠራ ይናገራሉ፤ ያን ጊዜ ያፍስ አያፍስ የሚመሰክር ግን አልተገኘም።

ከነፃነት በኋላ ጨርቅ መደብር ሆነ። ጣሪያው በቀኙ ጥግ ማንጠባጠብ ሲጀምር ነጋዴው የአቡጀዲውን ጣቃ ወደ ግራ አዛውረው ከሥሩ ሳፋ ደቀኑ፤ ጥገናውን «ክረምቱ ይውጣ» እያሉ ሲያሳድሩትም 1967 ደረሰ። አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር የማይበልጠው ለቀበሌ ስለተሰጠ፣ ቤቱ ከነቀዳዳው የሕዝብ ንብረት ሆነ። ሳፋው ትርፍ ቤት ስላልነበረ ነጋዴው ይዘውት ሄዱ።

ቀበሌው በሳፋው ቦታ የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ቆርቆሮ ተካ። በስብሰባ ላይ የሊቀ መንበሩ ንግግር ሲረዝም ጠብታው ቆርቆሮውን እየመታ ጣልቃ ይገባ ነበር፤ ሳይፈቀድለት የሚናገር ተሰብሳቢ እርሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ አርፍደው የመጡ ተማሪዎች ፊደል የቆጠሩት በዚያው ጥግ ነጠላቸውን ተከናንበው ነው።

መንግሥት ሲለወጥ ቪዲዮ ቤት ሆነና፣ አፉ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን አጠገብ ያለው እርጥብ አግዳሚ በግማሽ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። የሕንድ ተዋናዮች በዝናብ ውስጥ ሲዘፍኑ የጥጉ ተመልካቾች ከሌላው ይልቅ ይመሰጡ እንደነበር አልጠራጠርም። ዛሬ ውርርድ ቤት ነው፤ ጨዋታ በሌለበት ቀን ወጣቶቹ ባልዲው በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ይወራረዳሉ።

ተከራይ በተለወጠ ቁጥር ግንባሩ ቀለም ይቀባል፤ ግንባር ከአስፋልቱ ይታያላ! ስለ ጣሪያው ሲጠየቅ ተከራዩ «የመንግሥት ቤት ነው» ይላል፤ አከራዩ ደግሞ «የሚጠቀምበት ያድሰው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ስለሆነ ማንንም መውቀስ አይቻልም።

በቅርቡ አንድ ባለሙያ መጥቶ ቤቱን በቅርስነት መዘገበው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ መጠገን እንደማይቻልም አስረዳ። ተከራዩ ያን ያህል ደስ ብሎት አያውቅም። ባለሙያው በጥንቃቄው ብዛት በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሲጽፍ ባልዲውንም ጨምሮት ነበርና፣ ተከራዩ እስከ ደጅ ሸኝቶት እንዲህ ሲል ጠየቀው፦ «ጌታዬ፣ ሲሞላ ለመድፋትም ማመልከቻ ላስገባ?»