ሊቀ ሞረድ

የበዓል ዋዜማ ባሕር ዳር ውስጥ ቢላ የማይስል ወንድ የለም። በአፉ።

ቅርጫ የገባ ሁሉ በአንድ ሌሊት የድንጋይ ሊቅ ይሆናል። በሬው ጥግ ታስሮ ያመነዥካል፤ ባለድርሻዎቹ ከበውት ስለ ሞረድ ይከራከራሉ። አንዱ «ድንጋይስ የአባቴ ነበር!» ይላል። የት አለ ሲባል ገጠር ቀርቷል። ጥሩ ድንጋይ መቼም ገጠር ነው የሚቀረው። ሌላው «ጥቁር ድንጋይ ሞልቶ!» ብሎ ወደ ጣና ዳር ይጠቁማል። እውነቱን ነው፣ ሞልቷል። ሐይቁን ራሱን የገደበው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ግን ያ ቀዳዳ ቀዳዳው ለወፍጮ እንጂ ለስለት አይሆንም፤ እህል የሚፈጭ ሸካራነት የቢላ አፍ ይሸራርፋል።

ሦስተኛው ቢላዎቹን ሰብስቦ በር ወደሚበየድበት ቤት ይሮጣል። ግራይንደሩ ብልጭታ ሲረጭ ደስ ይላል። ጠርዙ ሰማያዊ ከመሰለ ግን አለቀለት፤ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ወስዶታል። ሽንኩርት ተከትፎ ሳያልቅ ይዶለዱማል።

ከሁሉም የሚከበረው ከአሜሪካ ድንጋይ የተላከለት ሰውዬ ነው። በአንዱ ፊት 1000፣ በሌላው 6000 ይላል። ይቆሽሻል ተብሎ ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጋር ተቀምጧል። ሰውዬው 6000ው እንደሚበልጥ አይጠራጠርም፤ ብር መስሎት ይሆን እንጃ። ቁጥሩ እኮ የሚናገረው ስለ ደቃቅነቱ ነው። ሲያንስ ሻካራ፣ ሲበዛ ልስልስ። ለተሸራረፈ ቢላ 220 ወይም 400፣ ለደነዘ 1000። 6000 ማሳመሪያ ነው። የዶለዶመ ቢላ እሱ ላይ ሲፈተግ ቢያድር በሬው መልኩን ያይበታል እንጂ አይታረድበትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የቤቱ እመቤት ሲኒ ገልብጣ፣ መቀመጫው ላይ ባለችው ሻካራ ቀለበት ቢላዋን ወዲያ ወዲህ አድርጋ፣ የዶሮውን ሽንኩርት ከትፋ ጨርሳለች። ሊቃውንቱ አላዩም።

እኔ ስለት አየሁ የምለው ሐይቁ ዳር አሳ የሚገፍ ልጅ ጋ ነው። ቆሮሶውን ከጉንጩ ጀርባ ይወጋዋል፣ አከርካሪውን ተከትሎ እስከ ጅራቱ ይወርዳል፣ ይገለብጠዋል። ሥጋው ሲለቅ አጥንቱ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ጥቂት አሳ እንደገፈፈ ድንጋዩ ላይ ውሃ ይረጫል። ቢላውን ያጋድማል፤ 90ን ለሁለት፣ ያንን ደግሞ ለሁለት፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ፣ 20 ዲግሪ ገደማ። በአንዱ ፊት ይገፋና በማዶው ጠርዝ የታጠፈች ቀጭን ብረት መውጣቷን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ከወጣች ይገለብጣል። መጨረሻ ላይ ቀበቶው ላይ ሁለት ሦስቴ ጠረግ። ይኸው ነው።

ባለ 6000ው ሰውዬ አንድ ቀን ይህን ቆሞ አየ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ድንጋይ ስንት ቁጥር ነው?»

«የኔ? 42።»

«ጫማህን አይደለም፣ ድንጋዩን!»

«ድንጋይ ነዋ ጋሼ።»

ሰውዬው ምስጢር የተደበቀው መሰለው። ሽጥልኝ አለ። ልጁ ትንሽ አንገራገረ፣ የአያቴ ነው አለ፣ ዋጋው ወጣ። ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ከተተ። ሰውዬው ድንጋዩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሄድ፣ ልጁ ከጆንያው ሥር ሌላ የአያቱን ድንጋይ አወጣና ውሃ ረጨበት።

«ቀጣይ!» አለ።