የአባባ ሌንስ ይሸጣል

ደሴ ላይ የድሮ የካሜራ ሌንስ መሸጥ ጣጣው ገዢ ማጣት አይደለም፤ የሻጭ መብዛት ነው። ዕቃው ስንት ዘመን ቁም ሳጥን ውስጥ ሲከርም ዘወር ብሎ ያየው የለም። «ይሸጥ» የተባለ ዕለት ግን የሆጤዋ አክስት፣ የሙጋዱ አጎት፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የሚደርሰው የኮምቦልቻ ዘመድ ሁሉ ባለድርሻ ነው። አቦሉ ሳይቀዳ ዋጋው ጦሳ ተራራ ላይ ይወጣል። «ምን ነካችሁ! ጃንሆይን ያነሣ ሌንስ እኮ ነው!»

ደግነቱ ዕቃው ራሱ ምስክር ነው። ከዜኒት ካሜራ ጋር የመጣ የሶቪየት ሄሊዮስ 44-2 ከሆነ፣ ከፊት ዙሪያው ላይ ከተቀረጸው ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ብዙውን ጊዜ የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ። 78 ካለ 1978 ነው፤ እሱም በፈረንጅ። በእኛ 1970 ወይም 71 መሆኑ ነው። ጃንሆይ ደግሞ በ1967 መስከረም ከዙፋን ወርደው፣ የዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አርፈዋል። ይህ ሌንስ ያነሣው ባለሥልጣን ካለ፣ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው።

ይኼኔ አጎት «ቢሆንም ዘሩ ጀርመን ነው» ይላሉ። አልተሳሳቱም፤ ንድፉ የተወሰደው ቢዮታር ከሚባለው የጀርመኑ ዛይስ ሌንስ ነው። ገዢ ግን አያት አይቆጥርም፣ መስታወት ነው የሚያየው።

አስተያየቱም እንዲህ ነው፦ የመክፈቻ ቀለበቱን 2 ላይ አድርጎ ዲያፍራሙን፣ ማለትም የብርሃን ማስገቢያውን ቀዳዳ፣ መክፈት፣ የስልክ ባትሪ ከኋላ በሰያፍ ማብራት፣ ከፊት ቀስ እያሉ እያዞሩ መመልከት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ከታየ ሻጋታ ነው። የደሴ ክረምትና ጉም እርጥበቱን ያቀብላል፤ የቆዳ ማኅደሩ ደግሞ ይዞ ያቆያል። (አባባ «እንዳይበላሽ» ብለው ቆዳው ውስጥ የቆለፉበት ዕለት ነው መበላሸት የጀመረው።) ላይ ላዩን ያለ ሻጋታ ባለሙያ ያጸዳዋል፤ የመስታወቱን ስስ ሽፋን ከበላ ወይም በተጣበቁ ሁለት መስታወቶች መሐል ከገባ ግን ተናግሮ፣ ዋጋ ቀንሶ መሸጥ ነው። መስታወቱ ውስጥ የምትታይ ጥቃቅን የአየር አረፋ የዘመኑ አሠራር ናት፤ አትጎዳም። የዲያፍራሙ ምላጮች ላይ ያለ ዘይትም ይህን ሌንስ እምብዛም አይጎዳውም፤ በእጅ የሚዞር ነውና። ዲያፍራማቸው በስፕሪንግ የሚዘጋ ሌንሶች ግን ይጣበቃሉ።

ትልቁ አደጋ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። «እስቲ አምጣው፣ ልወልውለው» ብላ አክስት የነጠላዋን ጫፍ ታነሣለች። እፍ! ሸርተት! አሸዋው ሽፋኑ ላይ መስመሩን አሰመረ። መጀመሪያ አቧራውን በጎማ መንፊያ ማባረር ነው፣ ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ፣ የመነጽር ጨርቅ መጨረሻ።

ገዢው ከፒያሳ የመጣ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። «ጋሼ፣ አውቶፎከስ አለው?» የለውም፤ ጥራቱ በእጅ ነው የሚስተካከለው። ኬነን ካሜራ ላይ በቀጭን ማገናኛ ቀለበት ይገጥማል። መስታወት በሌለው ማገናኛ ቀለበት ኒኮን ዲኤስኤልአር ካሜራ ላይ ከታሰረ ግን ሩቁን አያጠራም፤ ሙሽራዋ ትጠራለች፣ ከኋላ የቆመው አጃቢ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። ልጁ የሚፈልገው ግን ሌላ ነው፦ 2 ላይ ሲከፈት ከሙሽራዋ ጀርባ ያለው ቅጠል ክብ ሠርቶ የሚሽከረከርበትን። ያን አሳዩት፣ አንድ ሰው ብቻ ይናገር። አለዚያ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ሲል አራት ሰው አራት ዋጋ ይጠራና ልጁ ትንሹን ይዞ ይቆማል።

ተስማምቶ ሲታሸግ የርቀት ቀለበቱን ማለቂያ በሌለው ምልክት (∞) ላይ ማዞር ይገባል፤ ሌንሱ ያጥራል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብሮ መጨመር ነው። ከዚያ የኋላ ክዳኑ ይፈለጋል። ቤቱ ሲታመስ ቆይቶ፣ ረከቦቱ ጥግ ዕጣን ሞልቶበት ይገኛል።

«እሱንስ አልሰጥም» ትላለች አክስት፣ «የአባቴ ዕቃ ነው!»