ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ

የአሜሪካ ፖለቲከኞችን ጨዋነት የማደንቀው በተለይ በምርጫ ሰሞን ነው።

በ2024ቱ ምርጫ አንድ ሰው ለአንድ የፌዴራል ዕጩ በቀጥታ መስጠት የሚችለው በአንድ ዙር 3,300 ዶላር ብቻ ነበር። ከዚያ ካለፈማ ነውር ነው፤ ሙስና ሙስና ይሸታል። ዕጩውን ለሚደግፍ፣ “ሱፐር ፓክ” ለሚባል ገንዘብ ሰብሳቢ ቡድን ግን 30 ሚሊዮን ቢሰጥ ምንም አይሸትም። ለምን? ሱፐር ፓኩና ዕጩው አይመካከሩማ! ከዕጩው ጋር ሳይመካከሩ የሚያወጡት ገንዘብ ማንንም እንደማያባልግ ፍርድ ቤቶቹ በ2010 ፈርደዋል።

እስቲ አስቡት። ድንኳኑን የጣለ፣ በሬውን የገዛ፣ መኪናውን ያሸበረቀ ሚዜ ሲጠየቅ “ሙሽራው? በስም እሰማዋለሁ” ይላል። እኛ አገር ቢሆን ያስቃል። እዚያ ሕግ ነው።

ለፕሬዚዳንትነት ሊወዳደሩ ያሰቡት ጄብ ቡሽ በ2015 ለወራት “ገና እያሰብኩበት ነው” ሲሉ ከረሙ። ዕጩ ያልሆነ ሰው ማንን ይፈራል? ለሱፐር ፓኩ ራሳቸው እየዞሩ ለመኑ፤ በስድስት ወር ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገባ። ሰኔ ላይ “እወዳደራለሁ” አሉ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አይተዋወቁም። የሱፐር ፓኩ መሪ የረጅም ጊዜ አማካሪያቸው መሆኑ እንግዲህ አጋጣሚ ነው። (ያ ሁሉ ገንዘብ ያስገኘላቸው የፓርቲ ጉባኤ ተወካይ (ዕጩውን የሚመርጠው) ግን 4 ብቻ ነው። እግዜር ይይለት።)

በዚያው ምርጫ የተወዳደሩት የካርሊ ፊዮሪና ሱፐር ፓክ ሰዎች ደግሞ ባለቅኔዎች ናቸው። የምርጫ ኮሚሽኑ በዕጩዋ ስም መጠራት አትችሉም አላቸው። እሺ አሉ። የመጀመሪያ ፊደላቸው ሲገጣጠም “ካርሊ” የሚል አምስት ቃል ፈልገው አዲስ ስም አወጡ። ሰሙ ሌላ፣ ወርቁ ያው!

የእኔ ጀግና ግን ሴናተር ሚች ማኮኔል ናቸው። በ2014 የምርጫ ቡድናቸው ከሁለት ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። አንድም ቃል አይተነፍሱም። ቢሯቸው ውስጥ ፈገግ ይላሉ። ከባለቤታቸው ጋር ፈገግ ይላሉ። ደግመው ፈገግ። ለማን? ለሱፐር ፓክ ሰጡ እንዳትሉ! መንገድ ላይ አስቀመጡት፤ ማስታወቂያ የሚሠራ አላፊ አግዳሚ ያንሳው።

ትናንት ማታ ስልኬ ጮኸ። አንድ ዕጩ ናቸው። “ወዳጄ፣ እስከ እኩለ ሌሊት 5 ዶላር ብቻ” ይላሉ፣ በስሜ ጠርተው። የ30 ሚሊዮኑን ሰውዬ አያውቁትም። እኔን ግን ያውቁኛል።