ችግኙ ባይጸድቅም ተካዩ ጸድቋል

ክረምት ሲገባ እንደ ችግኝ ተከላ የሚያምርብን ነገር የለም። ማለቴ፣ ችግኝ ስንተክል ፎቶ መነሳት።

እስቲ ዛሬ ተካዩን እናመስግነው። ቅዳሜ በጠዋት በሰርቪስ ይመጣል። ከሹራቡ በላይ አዲስ ቲሸርት ደርቧል፣ የታጠፈበት መስመር እንኳ አልጠፋም። ጉድጓዱን የሰፈሩ ወጣቶች ቀደም ብለው ቆፍረውለታል። ችግኙንም ሌላ ሰው አፍልቶለታል። የእሱ ድርሻ ማጎንበስና ቀና ብሎ ፈገግ ማለት ነው። ቀላል እንዳይመስላችሁ! አጎንብሶ ካሜራ ማየት ወገብ ይፈልጋል።

ጥንቃቄውማ አይነሳ። ባለሙያው «ጥቁሩን ፕላስቲክ ቀዳችሁ አውጡት፣ አለዚያ ሥሩ እዚያው ተጠምዝዞ ይቀራል» እያለ ሲለፈልፍ ነበር። ተካያችን ግን ጨዋ ነው፣ የሰው ልብስ አይገፍም። ከነከፈኑ ቀበረው።

ፍጥነታችንን ደግሞ ዓለም ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ካልኩሌተር አወጣሁ። በሰከንድ ከ8 ሺህ በላይ ይመጣል። የተተከለው በቁጥር ይታወቃል፤ የጸደቀውን ለመቁጠር ግን ተመልሶ መሄድ ይጠይቃል፣ ለዚያ ደግሞ ሰርቪስ የለም።

የዛፍ ምርጫችንም ብልህነት አለበት። ዝግባና ጥቁር እንጨት እስኪያድጉ ማን ይጠብቃል? ባሕር ዛፍ አለልን። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ማገዶም አጠናም ሆኖ አዲስ አበባን ያኖረ ባለውለታ ነው፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። ቆርጠውት እንኳ ከጉቶው ይነሳል። ሥሩ አካባቢ ሌላው ተክል ውኃ ጠማኝ ቢል የራሱ ጉዳይ ነው።

አሁን የምወቅሳቸው ሰዎች አሉ። ወላይታ ውስጥ የሁምቦ ገበሬዎች። 2 ሺህ 700 ሄክታር ግድም የተራቆተ ተራራ ነበራቸው። ይህን የሚያህል የፎቶ ቦታ! እነሱ ምን አደረጉ? ከብቱን ከለከሉ። አፈር ውስጥ ሳይሞት የቆየ ጉቶ ሲያቆጠቁጥ ጥሩ ጥሩውን ቀንበጥ መርጠው ሌላውን ገረዙት። ከዚያ ጠበቁ። በቃ። አብዛኛው ደን እንዲህ ተመለሰ፣ ምንጩም አገገመ፣ ዛፉ ከአየር ስቦ የያዘውን ካርቦን ለዓለም ባንክ ፈንድ እስከ መሸጥ ደረሱ። ማኅበር አቋቁመው ዓመት ከዓመት ደን መጠበቅ ምን የሚሉት ድካም ነው? አንድ ቅዳሜ አይበቃም?

የከፋና የሸካ ሰዎችም ያው ናቸው። ደናቸው በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ ከፋ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012። ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በቅሏል። እዚያ ሄዶ «ይህን ዛፍ አትቁረጡት» ማለት ይቻል ነበር። ግን ያልተቆረጠ ዛፍ እንዴት አድርጎ ፎቶ ይወጣል? ከፊቱ ቆመህ «ይኸውና፣ አልቆረጥኩትም» ልትል ነው? ላይክ አያመጣም። የመቶ ዓመቱ እዚያ ይቆረጥ፣ እኛ እዚህ የስንዝሯን እንተክላለን።

እኔም አምና ተክያለሁ። ፎቶው እስከ ዛሬ ፕሮፋይሌ ላይ አለ። ጥቅምት ላይ በዚያ ሳልፍ እስቲ ልየው ብዬ ወረድኩ። ዝናቡ ከቆመ ቆይቷል። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። አንዲት ፍየል ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞረች ክትትል ታደርጋለች። ያን ሁሉ ሰው አስቡት፤ ተመልሳ የመጣች እሷ ብቻ ናት። የእኔን ችግኝ ከአናቱ ቀርጥፋዋለች። ፕላስቲኩ ግን ጸድቋል፣ ጆሮውን ከአፈር አውጥቶ በነፋስ ይርገበገባል።

ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን ቴሌግራም ላይ መልእክት መጣ። ቦታው ያው የአምናው ነው። ጉድጓዱም ያው የአምናው ነው፣ መቆፈሪያ ወጪ ቀረልን። የቲሸርት ቁጥራችሁን ላኩ ይላል።

አምና ሚዲየም ጠቦኝ ነበር። ላርጅ ብዬ ላክሁ።