መዝገቡን የከፈቱት እነማን ነበሩ?

ወገኖቼ፣ በተለይ «እኔ ያለውን ጻፍኩ እንጂ ምን አደረግኩ» ማለት የለመዳችሁ የመዝገብ ሰዎች፣ ቁጣዬ በእናንተ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. አፕሪል 7 ቀን 1933 የናዚ መንግሥት አይሁድን ከመንግሥት ሥራ የሚያባርር ሕግ አወጣ። ከዚያ ወዲያ ጀርመናዊው ዘሩን በሰነድ ማስረዳት ነበረበት፦ የራሱ፣ የወላጆቹና የአራቱ አያቶቹ ልደት ወይም ጥምቀት ሰባት ወረቀት፣ የወላጆቹና የአያቶቹ ጋብቻ ሦስት ወረቀት። ከጀርመን ግዛቶች ትልቋ በነበረችው በፕሩሲያ ውስጥ ግን መንግሥት ልደት መመዝገብ የጀመረው በ1874 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ አያት የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ላይ ነበር፤ የመዝገቡም ቁልፍ በፓስተሩ እጅ።

ፓስተሮቹ ከፈቱ፣ ገለበጡ፣ ማኅተም መቱ።

ካርል ቴሜል የተባለ የበርሊን ፓስተር ይባስ ብሎ በ1936 የከተማዪቱን አጥቢያዎች መዛግብት በአንድ ቢሮ ሥር አሰባሰበ። ከአይሁድ ወገን የተጠመቁትን እየለቀመ ለየአንዳንዳቸው ካርድ አወጣ። ሲጠመቅ ስሙን የለወጠ ሰው እንዳያመልጥ የቀድሞውም የአዲሱም ስም ሰፈረ። የካርዱ ቅጂ ለመንግሥት የዘር ምርመራ ቢሮ ይላክ ነበር። ጥምቀቱን፣ ወገኖቼ! ልጅ ሆነህ ተወለድክ የተባለበትን ገጽ ማደኛ አደረጉት። ይህ ፓስተር ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገልግሎቱ ተመለሰ።

ልቤን የሚሰብሩት ግን ደህናዎቹ ናቸው። ማርቲን ኒሜለር የተባለ የበርሊን ፓስተርና ባልንጀሮቹ የአይሁድ ዘር ያላቸው ፓስተሮች ከአገልግሎት አይባረሩም ብለው በ1933 ተነሡ። በ1934 ባርመን በሚባል የጀርመን ስፍራ ተሰብስበው ቤተ ክርስቲያን ጌታዋ ክርስቶስ ብቻ ነው ብለው አወጁ። በዚያ አዋጅ ስለ አይሁድ አንዲት ቃል የለችም። በእነርሱም አጥቢያዎች የዘር ወረቀቱ ይጻፍ ነበር፤ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነዋ።

እኛስ? የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚለውን መስመር ስንት ዘመን ሞላን? ነገ ማን ያነበዋል ብዬ እኔም አልጠየቅኩም። አፍራለሁ።

ኤሊዛቤት ሽሚትስ የምትባል የበርሊን መምህርት ነበረች። በ1935 ስለ አይሁድ መከራ ጽፋ፣ በእጅ አባዝታ ለቤተ ክርስቲያን መሪዎች አደለች፤ ዝም አሉ። በኅዳር 1938 ምኵራቦቹ ሲቃጠሉ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም ብላ ማስተማሯን ተወች። ደክሞኛል፤ ሆኖም በየጽሕፈት ቤቱ እንደ እርሷ ያለች አንዲት ትኖር ይሆናል እያልኩ እጠብቃለሁ።