ይድረስ ለክቡር የሰኞ ጠዋት ስብሰባ

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎ እዚያው እርስዎ ላይ ተቀምጬ ነው። አይቀየሙኝ። ሥራ አስኪያጁ አንገቴን ደፍቼ ስጽፍ ሲያዩ "ጎበዝ፣ አንዲት ቃል አታመልጠውም" የሚሉ ይመስለኛል።

እርስዎ እኮ ሞት የማይደፍርዎ ነዎት። ታይፑ ሄደ፣ ፋክሱ ሄደ። ወረርሽኙ ቢሮውን ሲያዘጋው ደግሞ "በቃ ተገላገልን" ብለን ነበር። እርስዎ ግን ስክሪን ውስጥ ገብተው ጭራሽ ተባዙ። ዙም ላይ በቀን የሚቆጠረው ተሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ 10 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በኤፕሪል 2020 ወደ 300 ሚሊዮን ደረሰ። በቀን አምስቴ የገባ ሰው አምስቴ ይቆጠራል አሉ። እኔ ብቻዬን ስንት ሰው እንደነበርኩ እርስዎ ያውቃሉ።

ዛሬ አጀንዳችን "በሚለዋወጥ የንግድ ዓለም ፈጣን ስለመሆን" ነው። ሥራ አስኪያጁ ፈጣን መሆን እንዳለብን ለማስረዳት እስካሁን 40 ደቂቃ ወስደዋል። ገና መግቢያው ላይ ናቸው።

ሥራ ስለፈታሁ ሒሳብ ሠራሁ። 12 ሰው ለ2 ሰዓት ሲቀመጥ 24 ሰዓት ነው። የአንድ ሠራተኛ የ3 ቀን ሥራ ማለት ነው፤ በየሳምንቱ። ድርጅታችን አንድ ወንበር ለመግዛት ሦስት ፊርማ ይጠይቃል። እርስዎን ለመጥራት ግን አንድም ፊርማ አያስፈልግም።

ለነገሩ ችሎታዎ ድሮም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ኦ.ኤስ.ኤስ.፣ በጠላት ግዛት ያሉ ተራ ሠራተኞች የመሥሪያ ቤታቸውን ሥራ በዘዴ እንዴት እንደሚያሰናክሉ የሚመክር መመሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ነገሩን ሁሉ ወደ ኮሚቴ ምሩ፣ የኮሚቴው አባላትም ከአምስት አይነሱ ይላል። ባለፈው ስብሰባ የተወሰነውን እንደገና አንሱት ይላል። አስቸኳይ ሥራ ሲኖር ስብሰባ ተቀመጡ ይላል። ሳነበው የእኛ ቃለ ጉባኤ መሰለኝ። ያኔ ጠላት የሚወጋበት ዘዴ ነበር፤ እኛ ዘንድ "አሳታፊ አመራር" ይባላል።

አሳታፊ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ሁልጊዜ "ሐሳቤን ልጫንባችሁ አልፈልግም" ብለው ነው የሚጀምሩት። ከዚያ ይጭኑታል። ከዚያ "መድረኩ ክፍት ነው" ይላሉ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለ አንገት ሁሉ ይነቀነቃል። በቅርቡ የተቀጠረች አንዲት ልጅ ይህን ሥርዓት አታውቅም ነበርና እጇን አወጣች። "ይቅርታ፣ ይሄ አሠራር ደንበኛ የሚያሸሽ አይመስላችሁም?" አለች። ዝም ዝም ሆነ። አንዱ የውሃ ጠርሙሱን ክዳን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብለው "በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ኮሚቴ ተቋቁሞ ይየው፤ ሰብሳቢዋም አንቺ ነሽ" አሏት። አሠራሩ እንዳለ ጸደቀ። ደንበኞቹም ኮሚቴውን ሳይጠብቁ ሄዱ።

ከእርስዎ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ምን እንደሚባል ቢሰሙ! "ልጅቷ እኮ እውነቷን ነው።" "እኔም ልለው ነበር።" "እኔማ ድሮም ብዬ ነበር።" ለማን እንዳለው ግን አይናገርም። ልጅቷ አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች። አነቃነቋ ከሁላችንም ያምራል።

ይቅርታ፣ "ልዩ ልዩ ጉዳዮች" ላይ ደረስን መሰለኝ። ስሜም ተጠራ።

"እስማማለሁ" ብያለሁ። በምን እንደተስማማሁ ከቃለ ጉባኤው አያለሁ።

የዘወትር ታዳሚዎ
ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር

ግልባጭ፦
ለኮሚቴው